የልዩነት ሐሳብ ዋጋ፦ የዳኝነት ነፃነት በእንግሊዝ፣ በሕንድና በኢትዮጵያ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ብሂል በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። ተናጋሪው የሚያዝነው ስለ ንብረቱ ትልቅነት አይደለም፤ በቅሎ ከጭብጦ እጅግ እንደምትበልጥ ያውቃል። የሚያዝነው ንብረቱ ከእጁ የወጣበት መንገድ ከሕግ ውጭ በመሆኑ ነው። በዳኛ ፊት ቆሞ፣ ተከራክሮና ተሰምቶ የተረታ ሰው ጉዳቱን ይችለዋል፤ ሳይሰማ የተነጠቀ ግን ስለ ጥቂቱም ነገር ቢሆን ዕረፍት አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው ጥያቄ ከበቅሎም ከጭብጦም ስለሚበልጠው ስለ ሰው አካል ነፃነት ነበር። አንድ ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ ቢታሰር፣ ያሰረውም ባለሥልጣን ራሱ መንግሥት ያወጣውን ሕግ ተላልፎ ቢሆን፣ እስረኛው ዳኛ ፊት ቀርቦ የታሰረበትን ሕግ ለመጠየቅ ይችላልን? ጉዳዩን ከሰሙት አምስት ዳኞች አራቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እስካለ ድረስ አይችልም ሲሉ ፈረዱ። አንዱ ብቻ ይችላል ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ።

የዳኝነት ነፃነት በየሀገሩ ሕገ መንግሥት ውስጥ በጥቂት ቃላት ተጽፎ ይገኛል። ቃላቱ ከሀገር ወደ ሀገር እምብዛም አይለያዩም፤ እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ዳኛው መንግሥትን የማያስደስት ፍርድ በጻፈ ማግስት በሚደርስበት ነገር ነው። ሹመቱን ያጣልን? እድገቱን ያጣልን? ወይስ የባልንጀሮቹን ሰላምታ ብቻ? ይህ መለኪያ በሦስት ዳኞች ታሪክ ቢታይ፣ ማለትም በኤድዋርድ ኩክ፣ በሎርድ አትኪንና በሃንስ ራጅ ካና፣ ሕግ ዳኛን ከምን ከምን እንደሚጠብቀውና ከምን እንደማይጠብቀው በግልጽ ለመረዳት ይቻላል።

ሹመቱን ያጣው ዳኛ

በእንግሊዝ አገር በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዳኞች ይሾሙ የነበሩት «ንጉሡ እስከ ወደደ ድረስ» ነበር። በኢትዮጵያ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል እንደነበረው፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስም ንጉሥ ከሕግ በላይ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1607 ንጉሡ በዳኞች መካከል ተቀምጠው ራሳቸው ለመፍረድ እንደሚችሉ በተናገሩ ጊዜ፣ ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ኤድዋርድ ኩክ ተቃወሙ። ኩክ ራሳቸው እንደ ጻፉት፣ ለንጉሡ የሰጡት መልስ፣ ግርማዊነታቸው ትልቅ የተፈጥሮ ዕውቀት እንዳላቸው፣ ነገር ግን ሕግ በብዙ ዘመን ጥናትና ልምድ የሚገኝ ሌላ ዐይነት ዕውቀት እንደሆነ፣ ንጉሡም ከሰው በታች ባይሆኑም ከእግዚአብሔርና ከሕግ በታች እንደሆኑ የሚገልጽ ነበር። በዕለቱ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ግን ንጉሡ እጅግ እንደተቆጡና ኩክ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይቅርታ እንደለመኑ ጽፈዋል። የሁለቱ ወሬ ልዩነት ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ሹመቱ በንጉሡ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ዳኛ ቃሉ ደፋር ቢሆን እንኳ ጉልበቱ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

የመጨረሻው ፈተና የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1616 ነው። ንጉሡ ጥቅማቸውን የሚነካ አንድ ክርክር ከእርሳቸው ጋር ሳይመከርበት እንዳይቀጥል አዘዙ። አሥራ ሁለቱ ዳኞች ትእዛዙ ከሕግ ውጭ ስለሆነ ሊፈጽሙት እንደማይችሉ በአንድነት ፈርመው ጻፉ። ነገር ግን በንጉሡ ፊት ቀርበው ወደፊት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢደርሳቸው ምን እንደሚያደርጉ በተጠየቁ ጊዜ አሥራ አንዱ እንደሚታዘዙ ተናገሩ። ኩክ ብቻ፣ ጉዳዩ በሚመጣበት ጊዜ ለአንድ ዳኛ የሚገባውን አደርጋለሁ ሲሉ መለሱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሹመታቸው ተነሡ።

የተሻረው ዳኛ ግን ዝም አላለም። ኩክ የፓርላማ አባል ሆነው፣ ንጉሡ ምክንያት ሳይገልጹ ሰዎችን ማሰራቸውን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1628 የወጣውን የመብት አቤቱታ ካዘጋጁት ሰዎች ዋነኛው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1679 ደግሞ የሃቢየስ ኮርፐስ ሕግ፣ ማለትም በአማርኛው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ሥርዓት፣ ተጠናክሮ ታወጀ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1701 የወጣው የአልጋ ወራሽነት ሕግ፣ ዳኞች በሹመታቸው የሚቆዩት በንጉሡ ፈቃድ ሳይሆን በመልካም ጠባያቸው እንደሆነ፣ ከሹመታቸውም የሚነሡት ሁለቱ የፓርላማ ምክር ቤቶች ሲጠይቁ ብቻ እንደሆነ ደነገገ። ኩክን ያስወገደው በር በዚህ ሕግ ተዘጋ። አንድ ሰው ሹመቱን ያጣበት ነገር ከሰማንያ አምስት ዓመት በኋላ ለሁሉም ዳኞች ዋስትና ሆነ ማለት ነው።

ሰላምታን ብቻ ያጣው ዳኛ

የዋስትናው ጥንካሬ የተፈተነበት ሌላ አጋጣሚ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የመከላከያ ደንብ ቁጥር 18ለ ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ፣ አንድ ሰው ከጠላት ጋር ግንኙነት እንዳለው ለማመን «በቂ ምክንያት» ሲኖረው ያለ ክስ የማሰር ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት የታሰረው ሮበርት ሊቨርሲጅ፣ ሚኒስትሩ ሰር ጆን አንደርሰን ምክንያታቸውን ለፍርድ ቤት እንዲገልጹ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1941 የጌቶች ምክር ቤት የይግባኝ ዳኞች አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ሚኒስትሩ በቅን ልቦና በቂ ምክንያት እንዳላቸው ማመናቸው ይበቃል፤ ፍርድ ቤት ምክንያቱን ሊመረምር አይችልም ሲሉ ወሰኑ።

የተለዩት ሎርድ አትኪን ነበሩ። የእርሳቸው ክርክር በቋንቋ ላይ የተመሠረተ ነው። ሕጉ «በቂ ምክንያት ካለው» ይላል እንጂ «በቂ ምክንያት ያለው ከመሰለው» አይልም። ምክንያት ካለ ሊታይና ሊመዘን ይችላል፤ የሚመዝነውም ዳኛ ነው። ጦርነት ቢኖርም የሕግ ቃል ትርጉሙን አይለውጥም፤ የዳኛም ተግባር ከሚኒስትሩ ይበልጥ ለሚኒስትሩ ሥልጣን መቆርቆር አይደለም።

ለዚህ ሐሳብ የከፈሉት ዋጋ ምን ነበር? የሥራ ባልደረቦቻቸው አኮረፏቸው፤ ከአራቱ አንዱ የነበሩት ቫይካውንት ሞም ከዚህም አልፈው አትኪንን የሚነቅፍ ደብዳቤ ታይምስ ለተባለው ጋዜጣ ጻፉ። ከዚህ በቀር የደረሰባቸው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1944 እስከ ሞቱ ድረስ በዳኝነት ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ሚኒስትሩ ስለሚያስራቸው ሰዎች በየወሩ ለፓርላማ የማሳወቅ ግዴታ ስለነበረበትና ፓርላማውም ሥራውን ስላላቋረጠ፣ ፍርድ ቤቱ የተወው ቁጥጥር በሌላ በኩል በከፊል ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎርድ ዲፕሎክ፣ የ1941ዱ አብላጫ ድምፅ ለጊዜው ሁኔታ ሲባል የተሳሳተ እንደነበርና ትክክለኛው የአትኪን ሐሳብ እንደሆነ በጌቶች ምክር ቤት ፍርድ ላይ አረጋገጡ።

እድገቱን ያጣው ዳኛ

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1950 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕገ መንግሥት ከእንግሊዝ የወረሰችውን የዳኝነት ዋስትና በጽሑፍ አጽንታ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከሹመቱ ሊነሣ የሚችለው በተረጋገጠ ጥፋት ወይም በችሎታ ማጣት፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ከተገኙት አባላት የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ሲገኝ ነው። የኩክ ዕጣ እንዳይደገም የተሠራው አጥር እንግዲህ ጠንካራ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን አጥሩ የሚጠብቀው ወንበሩን እንጂ ወደ ላይ የሚወስደውን ደረጃ አልነበረም። ዋና ዳኛውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ በመንግሥቱ ምክር ሲሆን፣ ከቀሩት ዳኞች በሹመት ቀዳሚ የሆነው ዋና ዳኛ ይሆናል የሚለው አሠራር በልማድ ብቻ የቆመ ነበር።

ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጣሰ። በሚያዝያ ወር አሥራ ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ኬሳቫናንዳ ባራቲ በተባለው ጉዳይ ላይ፣ ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ቢችልም መሠረታዊ መዋቅሩን ለማፍረስ እንደማይችል ሰባት ለስድስት በሆነ ድምፅ ወሰነ። ሚዛኑን ካጋደሉት አንዱ ዳኛ ካና ነበሩ። ፍርዱ በተሰጠ ማግስት መንግሥት ሼላት፣ ሄግዴና ግሮቨር የተባሉትን ሦስት ቀዳሚ ዳኞች አልፎ፣ ለመንግሥት የሚስማማውን ሐሳብ የጻፉትን ዳኛ ኤ. ኤን. ሬይን ዋና ዳኛ አደረገ። ሦስቱም በመንግሥት ላይ ከፈረዱት ወገን ነበሩ፤ ሦስቱም ሥራቸውን ለቀቁ። ከሹመቱ የተሻረ አንድም ዳኛ ሳይኖር፣ መንግሥትን የሚቃወም ዳኛ እድገት እንደማያገኝ ለሁሉም ታወቀ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጃግሞሃንላል ሲንሃ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ወይዘሮ ኢንድራ ጋንዲ በ1971 የተመረጡበት ምርጫ የምርጫ ሕግን በመጣስ የተከናወነ ስለሆነ ፈራሽ ነው ሲሉ ፈረዱ። የአንድ ክፍለ ሀገር ዳኛ በሥልጣን ላይ ያለን መሪ በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ዜጋ አቁሞ መፍረዱ፣ የመንግሥት ተጠያቂነት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። ይግባኙ ገና በመታየት ላይ ሳለ፣ ሰኔ 25 ቀን ሌሊት በውስጥ ሁከት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የተቃዋሚ መሪዎች ያለ ክስ ታሰሩ፤ ጋዜጦች በቅድመ ምርመራ ሥር ወደቁ። ሰኔ 27 ቀን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 359 መሠረት፣ ማንም ሰው የእኩልነት፣ የሕይወትና የአካል ነፃነት እንዲሁም የታሳሪዎች መብቶችን ለማስከበር ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ አገዱ። ታሳሪው የታሰረበት ምክንያት እንዳይነገረውም ሕጉ ተሻሻለ። አዋጁ በጸናባቸው ሃያ አንድ ወራት ያለ ፍርድ የታሰሩት ሰዎች ቁጥር ከ110 ሺህ በላይ እንደነበረ በኋላ የተቋቋመው የሻህ አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል።

በዚህ ሁሉ መካከል ዘጠኝ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ለታሳሪዎች በራቸውን አልዘጉም። የእነርሱ አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር፦ መብቱ ታግዶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያሰረው ባለሥልጣን ራሱ ሕጉ የሰጠውን ሥልጣን አልፎ እንደሆነ፣ ወይም በግል ቂም አስሮ እንደሆነ ፍርድ ቤት ይመረምራል። መንግሥት በእነዚህ ውሳኔዎች ላይ ይግባኝ አለ። የጃባልፑር ረዳት አስተዳዳሪ በሺቭካንት ሹክላ ላይ ያቀረቡት ይግባኝ በመባል የታወቀው ጉዳይ በዚህ ሁኔታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በክርክሩ ጊዜ ዳኛ ካና ለመንግሥት ጠበቃ ለኒረን ዴ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። አንድ ፖሊስ በግል ጠላትነት ተነሣሥቶ ሰው ቢገድል፣ በዚህ ክርክር መሠረት ለሟቹ ወገኖች መፍትሔ ይኖራልን? ጠበቃው፣ ነገሩ ሕሊናን የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ አዋጁ እስካለ ድረስ መፍትሔ እንደማይኖር መለሱ። የክርክሩ ፍጻሜ ምን እንደሆነ በዚህ መልስ ተገለጠ።

ፍርዱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1976 ተነበበ። ዋና ዳኛው ሬይ፣ ዳኛ ቤግ፣ ዳኛ ቻንድራቹድና ዳኛ ባግዋቲ ከመንግሥት ጋር ቆሙ። ለአራቱ ዳኞች ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክርክራቸው ባዶ አልነበረም ማለት ይገባል። የሕይወትና የአካል ነፃነት መብት የሚገኘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ውስጥ ብቻ ነው፤ የአንቀጹን አፈጻጸም ማገድ እንደሚቻል የፈቀደውም ያው ሕገ መንግሥት ነው፤ በአደጋ ጊዜ ስለ ሀገር ደኅንነት የሚጠየቀውም ለሕዝብ ኃላፊ የሆነው መንግሥት እንጂ ያልተመረጠ ዳኛ አይደለም ብለው ነበር። ከመከራከሪያቸው መካከልም የ1941ዱን የእንግሊዝ አብላጫ ድምፅ ጠቀሱ። ነገር ግን በሕንድ እንደ እንግሊዝ በየወሩ ለፓርላማ የሚቀርብ የእስረኞች ሪፖርት አልነበረም፤ የሚጠይቁት የፓርላማ አባላት ራሳቸው ታስረው ነበርና። ፍርድ ቤት ቁጥጥሩን ሲተው ሌላ የሚቆጣጠር አካል አልቀረም።

ዳኛ ካና የጻፉት የልዩነት ሐሳብ በአንድ መሠረት ላይ የቆመ ነው። የሰው ሕይወትና ነፃነት ሕገ መንግሥቱ በችሮታ የሰጠው ስጦታ አይደለም፤ ከሕገ መንግሥቱ በፊትም ነበረ። አንቀጽ 21 ባይጻፍ ኖሮ እንኳ፣ በሕግ በሚተዳደር አገር መንግሥት ያለ ሕግ ሥልጣን ሰውን ሊያስር ወይም ሊገድል አይችልም ነበር። ስለዚህ የአንቀጹ መታገድ ባለሥልጣኑን ከሕግ በላይ አያደርገውም። በመጨረሻም የአሜሪካው ዋና ዳኛ ቻርለስ ኢቫንስ ሂዩዝ ስለ ልዩነት ሐሳብ የተናገሩትን አስታወሱ፤ የልዩነት ሐሳብ ለመጪው ዘመን አእምሮ የሚቀርብ ይግባኝ ነው የሚል ነበር።

ካና የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ፍርዱ ከመነበቡ በፊት ለእኅታቸው፣ የዋና ዳኛነቱን ሹመት የሚያሳጣቸውን ጽሑፍ እንዳዘጋጁ ነግረዋቸው እንደነበር በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። እንዳሉትም ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1977 ዋና ዳኛ ሬይ በጡረታ ሲሰናበቱ ተራው የካና ሆኖ ሳለ መንግሥት ዳኛ ቤግን ሾመ፤ ካናም ሥራቸውን ለቀቁ። ከአብላጫው ወገን የነበሩት ቤግ፣ ቻንድራቹድና ባግዋቲ ግን ሦስቱም በየተራቸው ዋና ዳኞች ሆኑ። በከፍተኛ ፍርድ ቤቶችም ቢሆን ዋጋው ሳይከፈል አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 አሥራ ስድስት ዳኞች ከየክፍለ ሀገራቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አንድ ጋዜጠኛ እንዲፈታ ከፈረዱት የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተላኩ፤ ሌላው ወደ በታች ፍርድ ቤት ተመለሱ።

የጠበቆቹ ድርሻ

ዳኛ ብቻውን ነፃ ሊሆን አይችልም። የቀረበለት ክርክር ከሌለ የሚፈርደው የለውምና። በዚያ ዘመን ለወይዘሮ ጋንዲ በይግባኙ ይቆሙ የነበሩት ታዋቂው ጠበቃ ናኒ ፓልኪቫላ አዋጁ በታወጀ ማግስት ውክልናውን መለሱ። የመንግሥቱ ሁለተኛ ረዳት የሕግ ጠበቃ የነበሩት ፋሊ ናሪማን ሥራቸውን ለቀቁ። ሻንቲ ቡሻን፣ ሶሊ ሶራብጂ፣ ታርኩንዴና ሌሎችም ለታሳሪዎች ተከራከሩ። በኬሳቫናንዳ ጉዳይ በመንግሥት በኩል ቆመው የነበሩት ስመ ጥሩ የሕገ መንግሥት ሊቅ ሲርቫይ ሳይቀሩ፣ የአራቱን ዳኞች ፍርድ አንድ በአንድ እየነቀሱ የሚተች ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተሙ። የካና ሐሳብ በመዝገብ ቤት አቧራ ተሸፍኖ ያልቀረው በሕግ መጽሔቶችና በጠበቆች ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ በመነበቡና በመከራከሪያነት በመጠቀሱ ነው።

ፍሬውም ዘገየ እንጂ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በተደረገው ምርጫ የወይዘሮ ጋንዲ መንግሥት ተሸነፈ፤ አዋጁም ተሻረ። በሚቀጥለው ዓመት የጸደቀው አርባ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ አንቀጽ 20 እና 21 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገዱ እንደማይችሉ፣ «የውስጥ ሁከት» የሚለው ሰፊ ቃልም በ«ትጥቅ ዐመፅ» እንዲተካ ደነገገ። ዳኛ ባግዋቲ እ.ኤ.አ. በ2011 በ1976 የሰጡት ድምፅ ስሕተት እንደነበረ በይፋ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2017 ደግሞ ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የ1976ቱን ፍርድ በግልጽ ሻረ፤ ይህን የጻፉት ዳኛ ከአራቱ አንዱ የነበሩት የዳኛ ቻንድራቹድ ልጅ ነበሩ። ካና ይህን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ2008 ዐርፈዋል።

የእድገቱ በር እንዴት ሊዘጋ እንደሚገባው ግን ሕንድ እስከ ዛሬ የተሟላ መልስ አላገኘችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የዳኞች ምርጫ ከሁሉ በፊት በከፍተኛዎቹ ዳኞች ጉባኤ እንዲወሰን ፈረደ፤ በ2015 ደግሞ ይህን ሥልጣን ለተቀላቀለ ኮሚሽን የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሻረ። መንግሥትን የሚፈሩት ይህን ሲያመሰግኑ፣ ሌሎች ደግሞ ዳኞች ዳኞችን በዝግ የሚመርጡበት አሠራር ራሱ ተጠያቂነት የጎደለው ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ነፃነት ያለ ተጠያቂነት ወደ ወገንተኝነት ሊያመራ ይችላል፤ ተጠያቂነትም ለአስፈጻሚው ከሆነ ነፃነትን ይበላል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ሚዛን

በኢትዮጵያ ሕግ የዳኝነት ነፃነት አዲስ ቃል አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 110 ዳኞች ከሕግ በቀር ለማንም እንደማይገዙ ይናገር ነበር። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚቀርብበትን ሥርዓት በዝርዝር ደነገገ። ይሁንና ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የዙፋን ችሎትም ከፍርድ ቤቶች በላይ ቆይቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲታገድ ወረቀቱ የሰጠው ዋስትና ሁሉ አብሮ ወደቀ፤ ኅዳር 14 ቀን በዚያው ዓመት ስድሳ ያህል የቀድሞ ሹማምንትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚህና በሌሎች ግድያዎች የተከሰሱት የደርግ ባለሥልጣናት ግን፣ የሚከራከርላቸው ጠበቃ ቆሞላቸው አሥራ ሁለት ዓመት በፈጀ የፍርድ ሂደት ተዳኙ። በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባሉ እንኳ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ፣ ተከሳሾቹ በዘር ማጥፋት ሳይሆን በሌሎች የወንጀል ሕግ አንቀጾች ጥፋተኛ ሊባሉ ይገባ ነበር ሲሉ የልዩነት ሐሳባቸውን በመዝገቡ አስፍረዋል። ያለ ፍርድ የገደሉት በፍርድ፣ ያውም ልዩነት በተጻፈበት ፍርድ ተዳኙ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚህ ጽሑፍ ከተነሣው ጥያቄ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሦስት ድንጋጌዎች አሉት። መጀመሪያ፣ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሹመቱ የሚነሣው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔና በምክር ቤት ማጽደቅ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የኩክ በር በዚህ ተዘግቷል። የእድገቱ በር ግን፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሾሙ በመሆናቸው፣ የካናን ታሪክ እያስታወሱ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሁለተኛ፣ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 የታሰረ ሰው በጊዜው ገደብ ፍርድ ቤት ካልቀረበ የአካል ነፃነቱ እንዲከበር ፍርድ ቤትን የመጠየቅ «ሊጣስ የማይችል» መብት እንዳለው ይናገራል። ሦስተኛ፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚናገረው አንቀጽ 93 በማናቸውም ሁኔታ የማይገደቡትን ድንጋጌዎች ሲዘረዝር አንቀጽ 1ን፣ 18ን፣ 25ን እና የአንቀጽ 39ን ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ብቻ ያነሣል። የሕይወት መብትም አንቀጽ 19ም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በአንድ በኩል «ሊጣስ የማይችል» የተባለው መብት በሌላ በኩል ሊገደብ ከሚችሉት መካከል ይገኛል። ይህ ሕንድ በ1976 የቆመችበት ቦታ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተደጋጋሚ በታወጀበት ሀገር ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት በዚህ ላይ የሚለው የለም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የካና ሐሳብ እዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያስተምራል። አዋጁ ሕገ መንግሥታዊ ነውን? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው የታሰረው አዋጁ በፈቀደው ምክንያት፣ በፈቀደው ባለሥልጣንና በፈቀደው ሥርዓት ነውን? የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ለመመለስ ሕገ መንግሥትን መተርጐም አያስፈልግም፤ አዋጁን ራሱን ማንበብ ይበቃል፤ ይህም የማናቸውም ዳኛ የዘወትር ሥራ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሕይወት መብት በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይገደብ ይደነግጋል፤ የቃል ኪዳኑ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 29፣ የእስርን ሕጋዊነት በፍርድ ቤት የማስመርመር መብት በአስቸኳይ ጊዜ ምክንያት ሊቀነስ እንደማይገባው ገልጿል። በአንቀጽ 93 የተቋቋመው መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ግዴታ ተጥሎበታል። ይህ ዝርዝር በወጣ ጊዜ ጠበቃው አቤቱታውን የሚጽፍበት መነሻ ያገኛል፤ ባልወጣ ጊዜም አለመውጣቱ ራሱ የክርክር ነጥብ ይሆናል።

የሦስቱ ዳኞች ታሪክ ሲጠቃለል፣ ሕግ ዳኛውን ከመሻር ሊጠብቀው እንደሚችል፣ ከመታለፍ ግን በቀላሉ ሊጠብቀው እንደማይችል ያሳያል። ቀሪውን ዋጋ የሚከፍለው ዳኛው ራሱ ነው። የሙያው ባልደረቦች ዋጋውን ሊያስቀሩለት ባይችሉም፣ ከንቱ እንዳይሆን ለማድረግ ግን ይችላሉ። አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ፣ መዝገቡን የሚጠብቅ ሬጅስትራር፣ የልዩነት ሐሳብን አንብቦ የሚያስተምር መምህር፣ የተሸነፈውን ክርክር የሚያትም መጽሔት ያለበት ሀገር ለመጪው ዘመን የቀረበውን ይግባኝ መዝገብ ክፍት አድርጎ ይቆያል። ጭብጦው ያለ ፍርድ የተወሰደበት ሰው አቤት የሚልበት ደጅ እስካልተዘጋ ድረስ፣ ዛሬ ባይሰማ ነገ ይሰማል።